እግሬ መሬት የሚነካባት ሞተር

የአዲስ ጎማ ሽታ ያባባኛል። ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ልጅ ሰብለ ሥራ ይዛ የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሏን ለመግዛት ስትነሣ፣ «አክስቴ፣ ያላንቺ አልመርጥም» ብላ ከመርሳ ወልድያ ድረስ ይዛኝ ሄደች። ሱቁ በረንዳ ላይ ሞተሮቹ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተደርድረዋል፤ የአዲስ ጎማና የቤንዚን ሽታ ገና ከሚኒባሱ ሳልወርድ ተቀበለኝ። ሻጩ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ ነው። ሰብለን ከላይ እስከ ታች አየና «ለሴት የሚሆነው ይሄ ነው» ብሎ ማርሽ የሌላት ሮዝ ስኩተር ገፍቶ አወጣ። እሷ ደግሞ ዓይኗን ጥግ ከቆመው ጥቁር ሞተር ላይ መንቀል አቅቷታል፤ ቁመቱ የሰጋር በቅሎ ያህላል። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል» አልኳቸው። «ሰብለ፣ መጀመሪያ ውጪበት። ሁለቱም እግሮችሽ መሬት ይነካሉ? የት የት ነው የምትሄጂበት? ምን ጭነሽ? ስትደነግጪ ፍሬን ትይዣለሽ ወይስ ነዳጅ ትሰጫለሽ?» ጎረምሳው ሳቀ። «እማማ፣ ሞተር ያውቃሉ እንዴ?» አለኝ። «አንተ ሳትወለድ ጀምሬ ነው የነዳሁት» አልኩት። እንዳላመነኝ ከፊቱ አነበብኩ። እሱ ባያምንም፣ ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ ያለው መንገድ ያውቀዋል።

የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ መርሳ ስመደብ ገና ጸጉሬን ሁለት ላይ የምጎነጉን ልጅ ነበርኩ። ያኔ መርሳ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ አምባሰል ይዘፈንበታል። ከፊቱ ፓስቲ የሚጠብሱ ሴቶች ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ሻይ በሳንቲም የሚጠጣበት ዘመን ነው። ማንጎ ሲደርስ በሳፋ ሞልተው አውቶቡስ መስኮት ሥር ይሯሯጡ የነበሩት ልጃገረዶች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። የቢሮው ወንዶች ካኪ ሱሪና እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡትስ ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር ሰክተው፣ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር አቧራ እያስነሡ ሲያልፉ ከተማው ቆሞ ያያቸዋል። እኔ የክትባቱን ሣጥን ተሸክሜ በእግሬ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ለኃላፊዬ «ለእኔስ ሞተር የለም ወይ?» አልኩት። «ሞተር ለሴት አይሰጥም። ብትወድቂ ማን ይጠየቃል?» አለኝ። «የወደቀችው ናታ የምትጠየቀው» ብዬ ወጣሁ።

ያስተማረኝ ሰይድ ነው። ሰይድ በዕድሜ እኩያዬ፣ በሙያው መካኒክ፣ በጠባዩ ቁጡ፣ በድምፁ ደግሞ ዘፋኝ መሆን የነበረበት ሰው ነው። ሞተር ሲፈታ አምባሰል ያንጎራጉራል፤ ዘፈኑ ከተቋረጠ ብረቱ አስቸግሮታል ማለት ነው። ከሥራ በኋላ ኳስ ሜዳው ላይ አንድ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ አሮጌ ሞተር እየገፋልኝ ተማርኩ። በቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ። የከተማው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስም ከመስጊድ ሲወጣም ሊያየኝ ይቆማል። አንድ ቀን ወደ ውርጌሳ ስሄድ ኩርባው ላይ ስቼ ቁልቋል ውስጥ ገባሁ። እናቴ እሾሁን ከጀርባዬ እየለቀመች «በቃሽ ልጄ» አለችኝ፤ በሆዴ ተኝቼ አድሬ በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን አነሣሁ። ወሬው ኃላፊዬ ጋ ደረሰ። የቢሮው ወንዶች ተሰብስበው ሳቁ፤ ከዓመት በኋላ ግን ቆላ ወርዶ መከተብ የሚፈልግ ሲጠፋ ሞተሩን ራሳቸው ሰጡኝ።

ፈጣን ነጂ ሆኜ አላውቅም። ይህን የምናገረው በኩራት ነው። በሲሪንቃ ሜዳ ላይ ጎረምሶቹ እንደ ጥይት አልፈውኝ ሲሄዱ «ኤሊ!» ብለው ይጮሁብኝ ነበር። እኔ ግን ክትባት ነው የተሸከምኩት፤ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ጠርሙሱ ሳይሰበር፣ ከአስፋልት ወርጄ፣ ወንዝ ተሻግሬ፣ የበሬ መሄጃ በሆነ ቀጭን መንገድ ወጥቼ መድረስ ነበረብኝ። በመጀመሪያ ማርሽ፣ በእርጋታ፣ ድንጋዩን እየመረጥኩ መንዳት የእኔ አነዳድ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሞተር አርጅቶ ሲቆም፣ ባሌም ካረፈ ቆይቶ ስለነበር የምጠይቀው ሰው አልነበረኝምና፣ የራሴን ልገዛ ከሰይድ ጋር ወልድያ ሄድን። ሰይድ አንድ ቀይ፣ ትልቅ፣ ሲነሣ ደረት የሚያናውጥ ሞተር ፊት ቆሞ ቀረ። «አልጊ፣ ይሄን ውሰጂ። ደሴ ቁርስ በልተሽ መርሳ ምሳ ትደርሻለሽ» አለኝ።

«እኔ ደሴ ቁርስ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አልኩት።

«ጉልበት አለው እኮ!»

«ጉልበቱን ምን አደርገዋለሁ? ጭቃ ላይ ሲወድቅ ማን ያነሣልኛል? አንተ እየተከተልክ?»

እኔ የመረጥኳት ጥግ ላይ አቧራ የጠጣችውን ነበር። ቀጭን፣ ዝቅ ያለች፣ ቀለሟ የከረመ ሽሮ የመሰለ፣ የኋላ መጫኛዋ ረጅም፣ በእግር ተመትታ የምትነሣ፣ የመጀመሪያ ማርሿ ዳገት የሚቧጥጥ። ተቀመጥኩባት። ሁለቱም እግሮቼ ከነተረከዛቸው መሬት ላይ አረፉ። «ይቺ ናት» አልኩ። ሰይድ እስከ መርሳ ድረስ አኮረፈኝ። ሻይ ቤት የተቀመጡት ወንዶች ደግሞ ሲያዩዋት ወዲያው ስም አወጡላት፤ «ፍየሏ» አሏት። ፍየል ገደል ላይ እንደማትወድቅ ያወቁ አልመሰለኝም። ሰብለ እዚያ ሱቅ በር ላይ ይህን ስነግራት ስቃ «አንቺ አክስቴ፣ ግትር ነሽ» አለችኝ። ግትር ነኝ። በግትርነቴ ያተረፍኩትን ግን ሁሉንም አልነገርኳትም ነበር።

ጦርነቱ የመጣው ክረምት ላይ ነው። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከወልድያ በኩል ነጎድጓድ መስሎ ይሰማል፤ ሕፃናት እንኳ ከእውነተኛው ነጎድጓድ መለየት ቻሉ። የወልድያ ሰው ወደ መርሳ፣ የመርሳ ሰው ወደ ውርጌሳ፣ ከዚያም ወደ ደሴ ጎረፈ። ፍራሽ በራሱ የተሸከመ፣ ዶሮ በብብቱ የያዘ፣ ሽማግሌ አባቱን በጋሪ የሚገፋ። ጎረቤቱ ሁሉ «አንቺ ሞተር እያለሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» ይለኛል። ሰይድም ቤተሰቡን ደሴ ልኮ እሱ ጋራዡን አልለቅም ብሎ ቀርቷል። አሰብኩበት። እዚህ አገር በረት ሁሉ በስሜ ያውቀኛል፤ የትኛው ላም እንደምትራገጥ አውቃለሁ። በራሴ ገንዘብ የሠራሁት ቤት ነው፤ ማንም መጥቶ ውጪ ሊለኝ አይችልም። «አልሄድም» አልኩ። ነገር ግን ወልድያ የገቡት ታጣቂዎች መጀመሪያ የሚሰበስቡት መኪናና ሞተር መሆኑን ከወልድያ ሸሽተው የመጡት ሰዎች ነግረውናል። ሰይድ መፍቻውን ይዞ መጣ። ጓሮዬ ተቀምጠን ፍየሏን ገነጣጠልናት። ሞተሯ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከኩበት ክምር ሥር ገባ፤ ሻሲው ጭድ ውስጥ፤ ጎማዎቹ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ፤ ታንከሯ ከዶሮ ቤቱ ሥር። ሰይድ ያን ቀን አላንጎራጎረም።

ታጣቂዎቹ መርሳ ደርሰው ቤቴ የገቡ ጊዜ በሩን ራሴ ከፈትኩ። «ሞተር እንዳለሽ ሰምተናል» አለኝ አንዱ። «ነበረኝ» አልኩት። «የት ሄደ?» «እናንተ ስትመጡ ሄደ።» ቤቱን በረበሩ። ስኳር፣ ብርድ ልብስ፣ የባሌን ኮት ወሰዱ። አንደኛው ጎረምሳ የሥራ ቡትሴን አንሥቶ እግሩ ላይ ይለካል። «ውሰደው፤ ግራው ግን ውኃ ያስገባል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ሊስቅ ፈልጎ ጓደኞቹን ፈራ። ሲወጡ በሩን ዘጋሁና የበተኑትን ዕቃ መልቀም ጀመርኩ።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንድ ጠዋት ጋሽ ይማም ግራና ከምትባለው የታች መንደር በእግራቸው መጡ። ከብቶቻቸውን ለዓመታት የከተብኩላቸው ገበሬ ናቸው፤ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰዋል።

«አልጋነሽ እኅቴ፣ ሐዋ ምጥ ይዟት ልጁ አልወጣ አለ» አሉኝ። ሐዋ የመጨረሻ ልጃቸው ናት።

«ጤና ጣቢያውስ?»

«ባዶውን ነው ያለው፤ አልጋው ሳይቀር ተጭኗል። በቃሬዛ እንዳላመጣት ወጣቱ ሁሉ ሸሽቷል። ባሏም የለ።» ከጋቢያቸው ሥር ሁለት የውኃ ፕላስቲክ ሙሉ ቤንዚን አወጡ። «ከውኃ ፓምፔ የቀዳሁት ነው። ሞተሯ እንዳለች አውቃለሁ፤ የት እንዳለች አልጠይቅሽም።»

መርሳ ውስጥ አዋላጇ ሲስተር ብርቄ መሣሪያዎቿንና መድኃኒቷን ቤቷ ደብቃ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሐዋን እሷ ጋ ማድረስ ነው። ወደ ሰይድ ሰው ላክሁ። ሰይድ መፍቻውን ይዞ መጣ። «በመንገድ ከያዙሽ ሞተሯን ብቻ አይደለም የሚወስዱት» አለኝ። «አውቃለሁ። ኩበቱን አንሣ» አልኩት። ጓሮዬ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ገጠምናት። አንድ ቡሎን ጠፍቶብን በሽቦ አሠርነው። ሰይድ ካንዴላውን በሸሚዙ ጠርጎ መለሰ። መታኋት፤ አስነጠሰች፤ ደግሜ መታኋት፤ ተነሣች። የጭስ ማውጫዋን፣ ማርሚታዋን፣ በእርጥብ ጆንያ ስለጠቀለልናት ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ ወፍጮ ያህል ብቻ ሆነ።

አስፋልቱን ትቼ በእርሻ መካከል ወረድኩ፤ ጋሽ ይማም ከኋላዬ ናቸው። በዚያ መንገድ ላይ የማላውቀው ድንጋይ የለም። ሐዋን ስናገኛት ከንፈሯ ደርቋል፤ ስታየኝ «እትዬ፣ ለላሞቹ ነው የመጡት?» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ቀልድ ይሁን ቅዠት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መካከላችን አስቀመጥናት፤ ጋሽ ይማም ከኋላ ደግፈው ያዟት። አባት ለሴት ልጁ ምጥ የሚቀርብበት ባህል አልነበረንም፤ ያን ቀን ግን ሌላ ክንድ አልነበረም። ረጅሙ መጫኛ ለሦስታችን በቃ። በመጀመሪያ ማርሽ፣ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት፣ ፍሪሲዮኑን በጣቴ ጫፍ እያባበልኩ ወጣሁ። ሐዋ ምጡ ሲመጣባት ትከሻዬን በጥርሷ ትነክሳለች፤ እኔም ቆሜ ሁለቱን እግሮቼን መሬት ተክዬ እስኪያልፍላት እጠብቃለሁ። ያ ቀይ ሞተር ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ረግረግ ላይ ሦስታችንም ተጋድመን ነበር።

መርሳ መግቢያ ላይ ግን ሌላ መሻገሪያ የለም። ድንጋይ ደርድረዋል። አራት ታጣቂዎች ናቸው፤ አንዷ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ናት፤ ጠመንጃዋ ቁመቷን ያህላል። አለቃቸው እጁን ዘረጋ።

«ውረዱ። ሞተሩ ለሥራ ይፈለጋል።»

«ሥራ ላይ ነች» አልኩት። ሞተሩን አላጠፋሁም።

«ውረጂ አልኩሽ!»

«አልወርድም። እኔ ከወረድኩ እሷ ትሞታለች። የምትተኩስ ከሆነ ተኩስ፤ ግን ሞተሩ ሲወድቅ ነፍሰ ጡሯም አብራ እንደምትወድቅ አይተህ ተኩስ።»

ጠመንጃውን አቀባበለ። ጋሽ ይማም ከኋላዬ ሸሃዳ ሲያሰሙ ሰማኋቸው። ያን ጊዜ ሐዋ ጮኸች፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ከላምም ከሰውም ሰምቼ አላውቅም። ሹሩባ የተሠራችው ልጅ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረች፤ አለቃዋ ተቆጣት፤ እሷም መልሳ ተቆጣችው። ከዚያም ሳይፈቅድላት ድንጋዩን በእግሯ ገፍታ ለጎማዬ የሚበቃ ክፍተት አደረገች። ቀና ብላ አላየችኝም። አለቃው ፊቱን አዙሮ «ነገ ሞተሩን እዚህ ድረስ ታመጪዋለሽ» አለኝ።

«አላመጣም» አልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ሰዎች ይጠይቁኛል። እሺ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን በእነዚያ ወራት ከሁላችንም ብዙ ነገር ተወስዷል፤ እሺ የምትለዋን ቃል ግን ፈልጌ አጣኋት። ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ጀርባዬ ጥይት ሲጠብቅ እንደ እሳት አቃጠለኝ። ጥይት አልመጣም።

ሲስተር ብርቄ መጋረጃ ዘግታ ሐዋን ተቀበለች። እኔና ጋሽ ይማም ጓሮ ማንጎ ሥር ተቀመጥን። ፀሐይ ዞረች። ሕፃኗ ስትወጣ አላለቀሰችም ነበር አሉ፤ ብርቄ እግሯን ይዛ ጀርባዋን አሸች፣ አፏን ጠረገች፣ ተነፈሰችባት፤ ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ መጋረጃውን አልፎ መጣ። ጋሽ ይማም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ግንባራቸውን መሬት ላይ ደፉ። ሐዋ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ግን ዳነች። እኔ ትከሻዬን ገልጬ የጥርሷን ምልክት እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ።

በዚያው ዕለት ሳይመሽ ፍየሏን እንደገና ፈታናት። አሁን ግን ጓሮዬ አይበቃምና ሰይድ ክፍሎቿን ለጎረቤቱ አከፋፈለ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንዳንድ ነገር ወስዶ ደበቀ፤ ማንም ለምን አላለም። በማግስቱ መጡ። ቤቴን ቆፈሩ፤ ኩበቱን በተኑ። ሲያጡ መካኒኩን ያዙት። ሰይድን ወስደው አንድ መጋዘን ውስጥ ዘጉበት። በሰደፍ ቀኝ እጁን ቀጥቅጠው «የት ናት?» ሲሉት «ገደል ሰደድናት» ብሎ ጸና። ሲለቁት እጁ አብጦ የሰው እጅ አይመስልም ነበር፤ ብርቄ በእንጨት ደግፋ አሠረችለት። እኔ አለቀስኩ፤ ተናደድኩበትም። «ለምን አልነገርካቸውም? ብረት እኮ ናት! በእጅህ ነው የምትኖረው!» አልኩት።

ሰይድ በቁጣ ቀና አለ። «ብረት ናት ትያለሽ? ጋራዤን ወሰዱት፣ ዝም አልኩ። መፍቻዬን ወሰዱት፣ ዝም አልኩ። ወላሂ አልጊ፣ አንድ ነገር እንኳ አልሰጥም ማለት ነበረብኝ። ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ለራሴ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንሥተን አናውቅም።

በጋው ገብቶ ታጣቂዎቹ ከተማውን ለቀው ሲወጡ፣ የሸሹት ከደሴ በኩል መመለስ ሲጀምሩ፣ ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ በሬን አንኳኩ። አንዷ ሰንሰለቱን በባቄላ ጆንያ ውስጥ ይዛ መጣች። አንዱ ዳዶዎቹን በመሐረብ ቋጥሮ። ታንከሯን ያመጡት ሽማግሌ «ዝገት እንዳይበላት ቅቤ ቀብቻታለሁ» አሉኝ። የጎደለ ነገር አልነበረም። የተዘረፈው ጋራዥ በር ላይ በቀትር ተቀመጥን። ሰይድ በቃሉ ያዝዘኛል፣ እኔ በእጄ እገጥማለሁ፤ «አጥብቂው፣ አይ እንደዚያ አይደለም፣ አጥብቂው እንጂ!» እያለ ይጮህብኛል። የመጨረሻውን ቡሎን ሳስር በአፍንጫው አምባሰል ማንጎራጎር ጀመረ።

ግራና ያሉት ከብቶች መታመም ጀምረዋል የሚል መልእክት ከጋሽ ይማም ደርሶኛል፤ በዚያ ሁሉ ወራት ማንም አልከተባቸውም። ካገኘሁት ክትባት የቻልኩትን ሣጥኑ ውስጥ አድርጌ ተነሣሁ። ሰይድ እጁን በጨርቅ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «እኔም እመጣለሁ» ብሎ ከኋላዬ ወጣ። ከከተማው መውጫ ላይ አዲስ ገመድ ተወጥሮ፣ የእኛው ልጆች፣ አንዳንዶቹ ጢማቸው በደንብ ያልበቀለ፣ ቆመው ይፈትሻሉ። አንዱ እጁን አነሣ።

«እማማ፣ ሞተር መንቀሳቀስ አልተፈቀደም። ለጸጥታ ሲባል ነው። ይመለሱ።»

«ማነው ያልፈቀደው?»

«ትእዛዝ ነው።»

«ልጄ፣ ከዚያ ዳገት በታች ከብቶች እየሞቱ ነው። ሞተሯን ብትፈትሽ ክትባት ነው የያዘችው፤ ይህን ሰውዬ ብትፈትሽ የተሰበረ እጅ ነው ያለው። እኔን ብትፈትሽ ደግሞ የምመለስ ሰው አይደለሁም። ገመዱን አውርድልኝ።»

ልጁ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ከእነሱ አንዱ የመርሳ ልጅ ነበረ መሰለኝ፤ ጆሮው ጋ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አንሾካሾከለት። ሰይድ ከኋላዬ «ሞተሩን እንዳታጠፊው» ይለኛል። አላጠፋሁትም። ጠበቅሁ።

ገመዱ ወረደ። ወደ ግራና በመጀመሪያ ማርሽ ወረድኩ።